ቪትዜን የተረበ መልሱን ይስማ

«ስታቆማት ኪስህ ውስጥ ነው የምትከታት?»

ከትንሿ ቶዮታ ቪትዜ ስወርድ ከካፌው በረንዳ የሚወረወርልኝ ሰላምታ ይህ ነው። «ኪሴማ ነዳጅ ላይ ባላጠፋሁት ብር ሞልቷል፤ ያንተ ባዶ ከሆነ እዚያ እናስቀምጣት» እላለሁ። ሳቅ ይሆናል፣ ወንበር ይሳብልኛል፣ ማኪያቶ ይታዘዛል። ከዚያ ተረቡ በየተራ ይቀጥላል። በአዲስ አበባ ስለ ቶዮታ የሚለው የሌለው ሰው የለም። ያለው ይተርባል፣ የሌለው ይተርባል፣ የሸጣት ደግሞ ከሁሉም ብሶ ይተርባል፤ ቆጭቶታልና።

እኔ ቶዮታን እወዳለሁ። ስለምወዳትም ስድቡንም ባዶ ሙገሳውንም ዝም ብዬ አላሳልፍም። ሁለቱም መልስ አላቸው።

ባለ ጀርመን መኪናው ወዳጄ ይጀምር። «ሞተር ሦስት ሲሊንደር ብቻ ይኖረዋል? የበርጩማ እግር ነው እንዴ!»

«ወንድሜ፣ በርጩማ ሦስት እግር የሆነው ወጣ ገባ መሬት ላይ እንዳይነቃነቅ ነው። ባለ አራት እግሩ ወንበር ግን እንዳንተ መኪና ነው፤ ከሥሩ ካርቶን ካልተወሸቀለት አይቆምም።»

ሳቁ ሲበርድ ቁም ነገሩን አስከትላለሁ። ቪትዝ እ.ኤ.አ. በጥር 1999 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ቀረበች። አውሮፓ የሄደችው እህቷ ያሪስ በሚል ስም የ2000 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ሆና ተመረጠች። መልኳን የነደፈው ሶቲሪስ ኮቮስ የሚባል ግሪካዊ ነው። በ2005 የመጣችው ሁለተኛዋ ቪትዝ ናት ባለ አንድ ሊትር፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተሯን ይዛ እኛ አገር ስሟን የተከለችው። ሞተሩ ቀላል ነው፣ ቤንዚን አይጠጣም፣ ውስጡም በየጊዜው ካልተቀየረ የሚበጠስ ቀበቶ ሳይሆን ሰንሰለት አለው። ሲሲዋ ዝቅተኛ ስለሆነ ታክሷ ከትልልቆቹ ይቀል ነበር። ነርሷ፣ መምህሩ፣ የባንክ ሠራተኛው በቁጠባ ከመኪና ጋር የተዋወቁት በእሷ ነው። ዛሬም በስልክ ከሚጠሩት ታክሲዎች ስንቱ እሷ እንደሆነች ቦሌ መንገድ ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል። ብዙ ቤተሰብ የምታበላ መኪና ትንሽ አትባልም።

ቀጥሎ ጋሼ ናቸው፤ ጡረታ ወጥተው በረንዳውን የያዙ አባታችን። «ይህን መኪና የሠራው ሸማኔ ነው አሉ። ሸማኔ ጋቢውን ይሥራ እንጂ መኪና ምን አገባው?»

«ጋሼ፣ ከብርድ ያዳነዎትን ሰው ነው የሚሰድቡት? ጋቢውን ያውልቁና ተረቡን እንቀጥል።»

ጋሼ ጋቢያቸውን ጠበቅ አድርገው ዝም አሉ። እኔ ግን ዝም አላልኩም፤ ይህኛው ተረብ አጥንት የሚነካ ነውና። እኛ አገር ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን እየሰደብን ዕድሜ ፈጅተናል። አጼ ምኒልክ ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም «የሸማኔ ልጅ» የሚለው ቃል ከአንዳንዱ አፍ አልወጣም። እንግዲህ የሸማኔ እጅ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ።

ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1867 ጃፓን ገጠር ውስጥ የተወለደ የአናጢ ልጅ ነው። እናቱና የመንደሩ ሴቶች ሌሊቱን ሙሉ ሸምነው እንደሚደክሙ እያየ አደገና የሽመና ዕቃውን ማሻሻል ያዘ። የመጀመሪያ የእንጨት ሸማ መሥሪያውን የፈጠራ መብት በ1891 አገኘ። ከዚያ ወዲያ ዕድሜውን ለዚሁ ሰጠ። በ1924 ከልጁ ጋር ያወጣው ማሽን መወርወሪያውን ሳይቆም በራሱ ይቀይራል፤ ክር ሲበጠስ ደግሞ ወዲያው በራሱ ይቆማል። የቶዮታ ነገር ሁሉ ከዚህች መቆም ይጀምራል። ሽሮ ሜዳ ያለው ሸማኔያችን ድሩ ሲበጠስ እጁን ይሰበስባል፣ ክሩን ይቋጥራል፣ ከዚያ ሽመናውን ይቀጥላል። የተበጠሰውን አልፎ ቢሸምን የሚያወጣው ቀዳዳ ያለው ሸማ ነው። ሳኪቺ ይህን የሸማኔ ጨዋነት ለብረት አስተማረው። አንድ ሠራተኛ ብዙ ማሽን ብቻውን መጠበቅ ቻለ፤ የተበላሸ ጨርቅም ቀረ።

የማሽኑን መብት ፕላት ብራዘርስ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ በ1929 ገዛ። ከዚያ የመጣው ገንዘብ ለልጁ ለኪቺሮ የመኪና ምርምር ስንቅ ሆነ። ሳኪቺ በ1930 አረፈ። ኪቺሮ በ1933 በሸማ ማሽን ፋብሪካው ውስጥ የመኪና ክፍል ከፈተ፣ የአሜሪካ ሼቭሮሌ ገዝቶ ብሎን በብሎን ፈታና አጠና፣ በ1936 ኤኤ የተባለችውን የመጀመሪያ የቤት መኪና ለገበያ አወጣ። በ1937 ቶዮታ ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆነ።

ስለዚህ ጋሼ፣ ሸማኔ መኪና ምን አገባው ላሉት፣ ከማንም በፊት ያገባዋል።

አሁን ደግሞ የሚያወድሱት ይምጡ። የእነሱ ይብሳል። «ቶዮታ አይበላሽም!» ይላል አንዱ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«አይበላሽም ያልከው ዘይት ላለመቀየር ሰበብ ፈልገህ ነው።»

አይበላሽም ብሎ ነገር የለም። በ1935 የወጣው የመጀመሪያው የጭነት መኪናቸው በየመንገዱ ይቆም ነበር። በ1950 ኩባንያው ሊከስር አፋፍ ላይ ደረሰ፣ ሠራተኛ ተቀነሰ፣ አድማ ተመታ፣ ኪቺሮም ኃላፊነቱን ወስዶ ከሥልጣን ለቀቀ። ያዳናቸው በዚያው ዓመት የተነሳው የኮሪያ ጦርነትና የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና ትእዛዝ ነው። ኪቺሮ ግን ዕድሜ አላገኘም፤ በ1952 ሞተ። በ1957 ክራውን የተባለችውን መኪናቸውን ወደ አሜሪካ ላኩ። በጃፓን ጠባብና ኮረኮንች መንገድ ጎበዝ የነበረችው ክራውን በካሊፎርኒያ ሰፊ አውራ ጎዳና ላይ ጉልበቷ አለቀ፣ ተንቀጠቀጠች። በ1960 መላኩን አቆሙ። አልተከራከሩም፣ ገዢውን አልሰደቡም፤ ተመልሰው ሌላ መኪና ሠሩ። ኮሮላ በ1966 መጣች፤ በ2021 ደግሞ የተሸጡት ኮሮላዎች 50 ሚሊዮን ሞሉ።

ሲዋሹም ዋጋ ከፍለዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 በነዳጅ ፔዳልና በእግር ምንጣፍ ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን ለጥገና መልሰው ለመጥራት ተገደዱ። የሳኪቺ የልጅ ልጅ ልጅ አኪዮ ቶዮዳ በየካቲት 2010 የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ፣ ኩባንያው ከእውነታው ያነሰ ተናግሮ ገዢን በማሳሳቱም በ2014 1.2 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ። በ2024 ደግሞ የፍተሻ ሥርዓት አላከበሩም ተብሎ የአንዳንድ ኮሮላና ያሪስ ሞዴሎች ሥርጭት ቆሞ አኪዮ እንደገና ጎንበስ አለ። ክሩ ሲበጠስ ይቆማል የተባለው ቤት ራሱ ሳይቆም ያለፈባቸው ጊዜያት ናቸው፤ ይህን ሳይናገሩ ቶዮታን ማወደስ ማታለል ነው።

«ቶዮታን ማንም ይጠግናታል» የሚለው ሌላው ሙገሳ ነው። እኔ «ማንም ይነካታል፣ የሚጠግናት ጥቂት ነው» እላለሁ። ቪትዜ ሙቀቷ እየወጣ አስቸገረችኝ። አንድ ጋራዥ ሄድኩ፤ ሳይጠይቅ ተርሞስታቱን አወለቀና «ይህ ለአገራችን አየር አያስፈልግም» አለኝ።

«ጃፓኖቹ ካላስፈለገ ለምን አስገቡት?»

«እነሱ አገር በረዶ ነው።»

«ደብረ ብርሃን በማለዳ ሄደህ ታውቃለህ?» አልኩትና ወጣሁ።

ሙቀቱ ግን አልቀረም። በመጨረሻ አንድ ዝምተኛ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ፤ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት መጠየቅ ጀመረ። ለምን ትሞቃለች? ውሃው በደንብ ስለማይዘዋወር። ለምን አይዘዋወርም? ራዲያተሩ ስለተደፈነ። ለምን ተደፈነ? በዝገት። ለምን ዛገ? ለዓመታት ኩላንት ሳይሆን የቧንቧ ውሃ ስለተጨመረበት። ለምን ተጨመረ? እዚህ ላይ ቀና ብሎ አየኝ፤ መልሱ ባለቤቶቿ ነበርን፣ ከእኔ በፊት የያዟትም ሁሉ።

ይህ ሰው ያደረገው የቶዮታ ሰው ታይቺ ኦኖ ያስተማረውን ነው። ኦኖ ማሽን ሲቆም አምስት ጊዜ «ለምን» ብላችሁ ጠይቁ ይል ነበር። ፊውዝ ተቃጠለ፤ ለምን? ጫና በዛበት። ለምን? ኩሽኔታው ዘይት አልደረሰውም። ለምን? ፓምፑ በደንብ አይስብም። ለምን? ዘንጉ አልቋል። ለምን? ማጣሪያ ስላልተገጠመለት የብረት ብናኝ ገባበት። ፊውዙን ብቻ የቀየረ በሳምንቱ ይመለሳል፤ ማጣሪያ የገጠመ ግን ነገሩን ጨረሰው። የእኛ ጋራዦች ብዙዎቹ ፊውዝ ቀያሪዎች ናቸው፤ ባለ መኪናውም «በርካሽ ጨርስልኝ» እያለ ያግዛቸዋል። ሶማሌ ተራ ወርዶ የተቀባ አሮጌ ዕቃ እንደ አዲስ ገዝቶ ሲያበቃ «ቶዮታ ድሮ ቀረ» የሚለው ይኸው ሰው ነው። ቶዮታ ድሮ ጥሩ የነበረው በትክክል ስለተያዘ ነው።

ማስረጃውም በየመንገዱ ይሄዳል። ዲኤክስ ኮሮላ ያለው ጎረቤቴ «መኪናህ በዕድሜ ትበልጥሃለች» ተብሎ ሲተረብ «ታላቄ ናትና ስታልፍ ተነስታችሁ አሳልፏት» ይላል። እውነቱን ነው። ካርቡራተሯን ራሱ ያጥባል፣ ፕላቲኑን ራሱ ያስተካክላል፤ ውስጧ ኮምፒውተር የለም፤ የሚሰማ ጆሮ ያለው ሁሉ ሞተሯን ሰምቶ የጎደላትን ያውቃል። አባቱ በእሷ ታክሲ ሠርተው ነው ያሳደጉት።

ደላላውን መርሳት አይገባም። የቶዮታ ገበያ ያለ እሱ አይቆምም። «ዶክተር ነው የያዛት፣ ከቤት ሆስፒታል ብቻ፣ 60 ሺህ ኪሎ ሜትር!» አለኝ አንዱ ቪትዝ እያሳየኝ።

«የፍሬን ፔዳሏ ላስቲክ አልቆ ብረቱ ታየ። የዶክተሩ እግር ሞረድ ነው?»

ደላላው ሳቀ፣ ባለቤቱ አልሳቀም። ዳሽቦርድ ላይ ያለውን ቁጥር መመለስ ቀላል ነው፤ የፔዳሉን ላስቲክ፣ የመሪውን ልሙጥ የሆነ ገላ፣ የሾፌሩን ወንበር የተበላ ጠርዝ ግን ማንም አይመልሰውም። መኪና ስትገዙ ዓይናችሁ መጀመሪያ እዚያ ይረፍ።

«መኪና ነው ወይስ ወርቅ?» የሚለው ተረብ ግን ያሳዝነኛል። ሰው አምስት ዓመት ነድቷት ከገዛበት በላይ ይሸጣታል፤ ጃፓን ውስጥ ይህን ቢነግሩት የሚያምን አይገኝም። ቪትዟ ስለከበረች አይደለም። የውጭ ምንዛሪው ጠፋ፣ ብሩ ረከሰ፣ የ2012 ዓ.ም.ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። የሚገባው ሲቆም ያለው ዋጋው ሰማይ ወጣ። አዲስ ሥራ የያዘ ወጣት በደሞዙ የሃያ ዓመት ቪትዝ እንኳ መግዛት አለመቻሉ ተረብ አይደለም፣ ችግር ነው።

ክልከላውን ስጠራ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችው ጎረቤታችን ብቅ ትላለች። «ጭስህን ይዘህ ወዲያ ራቅ! ዘመንህ አልፏል።»

«እህቴ፣ ዘመኑን ያመጣው ማን ሆነና?»

ፕሪየስን አስታወስኳት። ቤንዚንና ባትሪ አጣምራ የምትሄደውን መኪና ቶዮታ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1997 ለገበያ ሲያቀርብ ሌላው ይስቅ ነበር። ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ ታክሲ የሠራው በፕሪየስ ነው፤ ፍሬን በያዘ ቁጥር ባትሪው ስለሚሞላ ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ መቆምና መነሳት ለእሱ ትርፍ ነበር። ካሊፎርኒያ ፍሪሞንት የሚገኘውን የቴስላ ፋብሪካ ታሪክም ጨመርኩላት። ፋብሪካው የጄኔራል ሞተርስ ነበር፤ ሠራተኛው ይቀራል፣ ይጣላል፣ የሚወጣው መኪና ጉድለቱ ብዙ ነው ተብሎ በ1982 ተዘጋ። በ1984 ቶዮታና ጄኔራል ሞተርስ በጋራ ከፈቱት፤ የቀጠሩትም አብዛኛውን እነዚያኑ ሠራተኞች ነው። አዲሱ ነገር ገመዱ ነበር። ጉድለት ያየ ማንኛውም ሠራተኛ ገመዱን ስቦ መስመሩን እንዲያስቆም ተፈቀደለት፤ ሲስብም አለቃው የሚመጣው ሊረዳው ነው። እነዚያው «ሰነፍ» የተባሉ ሰዎች ጥሩ መኪና ማውጣት ጀመሩ። ክር ሲበጠስ የሚቆመው የሳኪቺ ማሽን ሰው ላይ ሲደርስ ይህን አደረገ። ኢትዮጵያዊ ሠራተኛን ሰነፍ የሚል አለቃ ሁሉ ይህን ታሪክ ቢሰማው እወዳለሁ፤ ገመዱን ሰጥቶት ያውቃል?

ነገር ግን በአንድ ነገር ጎረቤቴ ትክክል ናት፣ ይህንኑም ነገርኳት። በባትሪ ብቻ በሚሄደው መኪና ቶዮታ ዘግይቷል። በ2022 ያወጣው ቢዚ4ኤክስ ገና ገበያ በወጣ በጥቂት ጊዜ ጎማው የሚታሰርበት ብሎን ሊላላ ይችላል ተብሎ ተጠራ። ጎማ ማሰር ያቃተው ቶዮታ ስሙን አይመጥንም። ቻይኖቹ ቀድመዋል፣ ጎረቤቴም ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ላይ የለችም። ተረቡን በእኩል ፈታነው።

ስለ ላንድክሩዘርም አንድ ነገር ልበል። በ1951 የተሠራው የመጀመሪያው ፉጂ ተራራን እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ወጥቷል። በ1984 የወጣው ባለ 70 ዛሬም ይመረታል። በ1987 የቻድና የሊቢያ ጦርነት የቶዮታ ጦርነት እስከመባል የደረሰው ቻዶች በቶዮታ ፒክአፕ በረሃውን እየሰነጠቁ ታንክ ስላሸነፉ ነው። እኛ አገር ክብሩን ያየሁት ግን ገጠር ውስጥ ነው። ምጥ የያዛትን እናት ከወረዳ ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰው አምቡላንስ ሃርድቶፕ የሚባለው ላንድክሩዘር ነው፤ ጭቃውን ያወቀው ሾፌርም በስሙ ሳይሆን በመኪናው ይጠራል። ስለዚህ «ቪ8 ላንድክሩዘር የሥልጣን ምልክት ነው» ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው፤ ለአቀበት የተሠራ መኪና አንድ ባለሥልጣን ይዞ ከካዛንቺስ ቦሌ መመላለሱ የመኪናው ውርደት ነው። ወረዳው አምቡላንስ ጎማ አጥቶ ቆሞ ሳለ ይህ አግባብ አይደለም።

ሚኒባሱስ? «አባዱላ ይበራል» ይላሉ። አይበርም፤ የሚያበረው ሰው አለ። አባዱላ የምንለው ሃይኤስ ዕቃና ሰው በልኩ የሚጭን ጠንካራ መኪና ነው። አንዳንዱ ግን ለዕቃ መጫኛ የመጣ ነው፤ እዚህ መስኮት ተቆርጦለት፣ ወንበር ተበይዶለት፣ ቀበቶ ሳይኖረው ረጅም መንገድ ይወጣል። ሌሊት፣ ትርፍ ጭኖ፣ ጫት የሚቅም ሾፌር ይዞት ሲገለበጥ ጥፋቱን በጃፓን ብረት ላይ መለጠፍ ነውር ነው። በየመናኸሪያው ያላችሁ ተራ አስከባሪዎች፣ ትርፍ ሰው ሲገባ እያያችሁ ዝም አትበሉ። ተሳፋሪም «ቀስ በል» ማለት አትፍሩ።

አንድ ከባድ ነገር ቀረኝ። ታካታ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ለቶዮታና ለሌሎች ብዙ አምራቾች የሠራው ኤርባግ ውስጡ ያለው ኬሚካል በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ይበላሻል፤ ሲፈነዳ ብረት ይረጫል፤ ሰው ገድሏል። በዓለም ዙሪያ ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጋ ተጠርቷል፣ ታካታም በ2017 ከስሯል። ከተጠሩት ውስጥ በ2000ዎቹ የተመረቱ ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ አሉ። ጃፓን ውስጥ ያለው ባለ መኪና ደብዳቤ ደርሶት በነጻ አስቀይሯል። በዱባይ በኩል አሮጌ ሆና ወደ እኛ የመጣችው ግን ደብዳቤው አልተከተላትም። ተቀይሮላት እንደሆነ ማወቂያው መንገድ የሻንሲ ቁጥሯ ነው።

ስለዚህ ባለ ቪትዝ፣ ባለ ያሪስ፣ ባለ ኮሮላ ሁሉ፣ ሊብሬያችሁን አውጡ። የሻንሲ ቁጥሩን በጃፓን ቶዮታ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ኤርባጓ መጠራት አለመጠራቷን ተመልከቱ፤ ካልቻላችሁ የቶዮታ ወኪል ዘንድ ሂዳችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የምትገዙም ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አድርጉ።